ከስምንት ዓመት በፊት የተወለደ በግ፦ የአላስካ የተራራ በግ አዳኞችን ምን ይጠብቃቸዋል?

የዳል በግ ዕድሜ ቀንዱ ላይ ተጽፏል። በሙቀቱ ወራት ሣሩ ይለመልማል፣ በጉ ይጠግባል፣ ቀንዱም ይረዝማል። ብርዱ ሲገባ እድገቱ ቀጥ ይላል። ያ የቆመበት ቦታ በቀንዱ ዙሪያ ጠቆር ያለ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ስምንት ቀለበት ያለው አውራ ስምንት ጊዜ በረዶውን ተቋቁሞ ወጥቷል ማለት ነው።

ዳል በግ ነጭ የተራራ የዱር በግ ነው። መኖሪያው የአላስካና የሰሜን ምዕራብ ካናዳ ተራሮች ናቸው። ብዙ የአላስካ አዳኞች ከዚህ በግ በላይ የሚመኙት ግዳይ የላቸውም። ቦታው ሩቅ ነው፣ ዳገቱ ጉልበት ይፈትናል፣ ስጋውም የተመሰገነ ነው። አሁን ግን በጎቹ እየተመናመኑ ነው። አዳኞችም ደጋግመው ይጠይቃሉ። መቼ ነው የሚመለሱት? እስኪመለሱስ ድረስ ምን እናድርግ?

መልሱን ለማግኘት ወደዚያው ቀንድ መመለስ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ስምንት ዓመት የሚዘገይ ዜና

በአብዛኛው የአላስካ አካባቢ አንድ አውራ በግ የሚታደነው ከሦስት ነገሮች አንዱን ካሟላ ነው። ቢያንስ አንዱ ቀንዱ ከጎን ሲታይ ሙሉ ክብ መሥራት፣ ማለትም 360 ዲግሪ መዞር አለበት። አለበለዚያ የሁለቱም ቀንዶቹ ጫፍ የተሰበረ መሆን አለበት። ሁለቱም ከሌሉ ደግሞ ስምንት ዓመት መሙላቱ በቀንዱ ቀለበቶች መታወቅ አለበት። ድሮ እንዲህ ጥብቅ አልነበረም። መጀመሪያ የክቡ ሦስት አራተኛ ይበቃ ነበር። ቀጥሎ ሰባት ስምንተኛ ሆነ። በመጨረሻ ሙሉ ዙር ተባለ።

አንድ አውራ ቀንዱ ሙሉ ዙር የሚሞላው በሰባትና በስምንት ዓመቱ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሦስቱም መንገዶች የሚያደርሱት ወደ አንድ ቦታ ነው፣ ወደ ሽማግሌው አውራ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የአደኑ ወቅት በአብዛኛው ቦታ ከኦገስት 10 እስከ ሴፕቴምበር 20 ነው። ዘንድሮ በእነዚያ ቀናት ተራራ የሚወጣ አዳኝ የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በግ የተወለደው የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። የዚያ ዓመት ጸደይ መልካም ከነበረ ዛሬ አውራ ይኖራል። የዚያ ዓመት ግልገሎች ካለቁ ዛሬ ተራራው ባዶ ነው። አዳኙ ጎበዝ ይሁን አይሁን፣ የሩቅ ማያ መነጽሩ ውድ ይሁን ርካሽ፣ ያልተወለደ በግ አይገኝም።

ምሳሌ ልስጥ። በ2013 በሰሜን አላስካ፣ በብሩክስ ተራሮች፣ ጸደዩ በጣም ዘገየ። ግልገሎች የሚወለዱት ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን አጋማሽ ነው። በዚያ ዓመት በዚያ ሰዓት ተራራው ገና በረዶ ተጭኖት ነበር። እናቶቹ ብርዱን ያሳለፉት በባዶ ሆድ ነበርና ወተት አልነበራቸውም። የተረፈው ግልገል እጅግ ጥቂት ነው። ትላልቆቹም በብዛት ሞቱ። በ2014 የተራሮቹ ምዕራባዊ ክፍል ለበግ አደን ተዘጋ። አሁን ስሌቱን እንሥራ። በ2013 የተወለደ ወንድ ግልገል ስምንት ዓመት የሚሞላው በ2021 ነበር። ስለዚህ በ2021 አንድ አዳኝ በዚያ ሰንሰለት ሽማግሌ አውራ ሲያጣ፣ ያጣው ከስምንት ዓመት በፊት በነበረው በረዶ ምክንያት ነው።

ብዙ ንትርክ የሚነሳውም ከዚህ መዘግየት ነው። በጎቹ ማገገም ከጀመሩ በኋላ አዳኙ ለብዙ ዓመታት ባዶ እጁን ይመለሳል። የተገላቢጦሹም አለ። ግልገሎች እያለቁ ሳለ ሽማግሌ አውራዎች ገና ስላሉ አደኑ ጥሩ ይመስላል። «ባለፈው ዓመት አሪፍ አውራ መትቼ የለም እንዴ? የምን መመናመን ነው?» የሚል ሰው አይዋሽም። ያየውን ነው የሚናገረው። ያየው ግን የድሮ ዜና ነው።

ክፉ ብርድ ግን ስምንት ዓመት ሳይጠብቅም ይጎዳል። የበጎቹ የመራቢያ ወቅት ኖቬምበር መጨረሻና ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። አውራዎቹ በዚያ ጊዜ ሲጋጩና እናቶችን ሲከተሉ ይሰነብታሉ። ብዙም አይበሉም። ያጠራቀሙት ስብ ያልቃል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የዓመቱ ከባዱ ብርድ ነው። ስለዚህ ክፉ ዓመት ሲመጣ ከቀዳሚዎቹ ሟቾች መካከል እነዚያው አዳኙ የሚፈልጋቸው ትላልቅ አውራዎች አሉበት። ያው ክፉ ዓመት ሁለት ጊዜ ይቆርጣል ማለት ነው፣ አንዴ ወዲያው፣ አንዴ ከስምንት ዓመት በኋላ።

በጎቹን የጎዳው ምንድን ነው?

የአላስካ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በ1990 በግዛቲቱ ወደ 57,000 የሚጠጉ በጎች እንዳሉ ገምቶ ነበር። በ2010 ግምቱ ወደ 45,000 ወረደ። ከ2019 ወዲህ የመጡት የብርድ ወራት ደግሞ በብዙ ተራሮች ላይ ጉዳቱን አባሱት። የአዳኞቹም ግዳይ አብሮ ወርዷል። በ1990 አካባቢ በዓመት ከ1,000 በላይ አውራ ይታደን ነበር። በቅርብ ዓመታት የዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ዋናው ምክንያት የአየር ጠባዩ ነው። ነገሩ እንዲህ ይሠራል። ዳል በግ ብርዱን የሚያሳልፈው ነፋስ በረዶውን ጠርጎ በሚያነሳባቸው ሸንተረሮች ላይ ነው። እዚያ ደረቅ ሣር ይገኛል። በረዶው ዱቄት መሰል ከሆነ በጉ በሰኮናው ጭሮ ይበላል። በብርድ ወራት መሃል ዝናብ ከዘነበ ግን ጉድ ይፈላል። ዝናቡ በረዶው ላይ ወርዶ ይረጋል፣ ሣሩንም እንደ መስታወት ይሸፍነዋል። በጉ ሣሩን ከሥሩ እያየ ይራባል። በዲሴምበር 2021 መጨረሻ ላይ በአላስካ መሃል አገር እንዲህ ዓይነት ከባድ ዝናብ ወርዶ ነበር። መንገዶች በበረዶ ግግር ተዘጉ፣ በዱር እንስሳትም ላይ ትልቅ መከራ ሆነ። አላስካ በሞቀች ቁጥር እንዲህ ዓይነቱ ያለ ጊዜው የሚመጣ ዝናብ ይበዛል። «ሙቀት ከጨመረ ለበጉ ይቀለው የለም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ በግ ደረቅ ብርድ ከእርጥብ ሙቀት ይሻለዋል።

ሌላው ነገር ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ቁጥቋጦው ከሸለቆው ወደ ላይ እየወጣ ነው። በጉ የሚወደው ግልጥ ያለ የተራራ ሣር ነው። ምክንያቱም ጠላቱን ከሩቅ ያያል፣ ሮጦም ገደል ላይ ይወጣል። ቁጥቋጦው ሲወጣ ሣሩ ይቀንሳል፣ አዳኝ አውሬም መደበቂያ ያገኛል።

ስለ አውሬ ከተነሳ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ተኩላን ነው። ተኩላ በግ ይበላል፣ ይህ እውነት ነው። ግን በማዕከላዊው የአላስካ ተራሮች ተመራማሪዎች ግልገሎች ላይ የሬዲዮ ኮሌታ አስረው ሲከታተሉ፣ ግልገሎቹን በብዛት ሲጨርሱ ያገኟቸው ኮዮቴና ወርቃማ ንስር ናቸው። ኮዮቴ ከተኩላ ያነሰ የውሻ ዘመድ ነው። ተኩላ ባለበት ኮዮቴ አይደላደልም። ተኩላውን አጥፍቶ ኮዮቴውን ማብዛት ሊከተል ይችላል። ንስሩን ደግሞ ከ1962 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ይጠብቀዋል። ስለዚህ «አውሬውን ቀንሱልንና በጉ ይመለሳል» የሚለው መፍትሔ የሚታሰበውን ያህል ቀላል አይደለም።

በሽታም አለ። ማይኮፕላዝማ ኦቪኒሞኒያ የሚባል ባክቴሪያ ከአላስካ በስተደቡብ ባሉት የአሜሪካ ግዛቶች የዳልን ዘመድ፣ ቢግሆርን የሚባለውን በግ፣ በሳንባ ምች ብዙ ፈጅቷል። መነሻው የቤት በግና ፍየል ነው። በ2018 ይኸው ባክቴሪያ በአላስካ የዱር በጎችና የተራራ ፍየሎች ላይ መገኘቱን መሥሪያ ቤቱ አስታወቀ። እስካሁን የታየው መመናመን ግን በዚህ በሽታ የመጣ አይደለም። ቢሆንም መዘናጋት አይገባም። ለዚህ ነው የአደን ደንቡ በግ አደን ላይ ከፈረስ በቀር ሌላ የጭነት እንስሳ የሚከለክለው።

አደኑ ነው ወይ የጨረሳቸው?

ይህ ጥያቄ ሰው የሚጣላበት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ።

የመሥሪያ ቤቱ አቋም እንዲህ ነው። የበግ መንጋን ቁጥር የሚወስኑት እናቶችና ግልገሎች ናቸው። አንዲት እናት በዓመት የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። መንታ ብርቅ ነው። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደውም በሦስትና በአራት ዓመቷ አካባቢ ነው። በሌላ በኩል አንድ አውራ ብዙ እናቶችን ያስረግዛል። ከመንጋው ጥቂት ሽማግሌዎች ቢነሱ ወጣቶቹ ሥራውን ይሠራሉ፣ እናቶቹም ሳያረግዙ አይቀሩም። ስለዚህ አደኑን ብትዘጋውም ተጨማሪ ግልገል አይወለድልህም። ሙሉ ዙር የሚባለው ደንብ ራሱ የመመናመን ዘመን መከላከያ ነው። በጉ ሲያንስ ሕጋዊው አውራ ያንሳል፣ ግዳዩም በራሱ ይቀንሳል።

በእኔ እይታ የዚህ ክርክር ዋና አካል ትክክል ነው። ማስረጃውም አለ። አደን ፈጽሞ በተከለከለባቸው የብሔራዊ ፓርክ ተራሮች ላይም በጎች በክፉ ብርድ ወድቀዋል። ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። አሁን ዴናሊ በሚባለው ፓርክ ውስጥ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከባድ በረዶ በጎቹን ጨርሷቸው ነበር። ያኔም ተኩላ ተከሰሰ። በ1939 አዶልፍ ሙሪ የሚባል የፌዴራል ባዮሎጂስት ነገሩን እንዲያጣራ ተላከ። በእግሩ እየዞረ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሞቱ በጎች ራስ ቅል ሰበሰበ። ቀንዳቸውን እየቆጠረ በስንት ዓመታቸው እንደሞቱ አወቀ። ተኩላው በአብዛኛው የሚበላው ያረጁትን፣ የደከሙትንና የመጀመሪያ ዓመታቸውን የያዙትን እንደሆነ ደረሰበት። በሙሉ ጉልበቱ ላይ ያለ በግ እምብዛም አይበላም።

እዚህ ላይ ስለዚያ ፓርክ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለአዳኞች ኩራት ሊሆን የሚገባ ታሪክ ነውና። ቻርልስ ሼልደን የሚባል አዳኝ በ1906 ወደ ዴናሊ የመጣው ዳል በግን ፍለጋ ነበር። ቆይቶም ተመልሶ መጥቶ የብርዱን ወራት እዚያው አሳለፈ። ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች በጎቹን በጅምላ ሲፈጁ አይቶ አዘነ። ወደ አገሩ ሲመለስ ስለ በጎቹ ሲሟገት ኖረ። ፓርኩ በ1917 የተቋቋመው በእሱና በባልንጀሮቹ ጥረት ነው።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። «አደኑ አይደለም የጨረሳቸው» ማለት አንድ ነገር ነው። «አደኑ ምንም አይጎዳም» ማለት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ማምታታት የለብንም። በጉ ብዙ በነበረበት ዘመን ከሕጋዊዎቹ አውራዎች ብዙዎቹ ሳይታዩ ያመልጡ ነበር። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት የሞላቸው ይገኙ ነበር። አሁን ሕጋዊው አውራ ጥቂት ነው፣ የሚፈልገው ሰው ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። አውሮፕላኑም፣ መነጽሩም፣ የሳተላይት ካርታውም ከድሮው ይበልጣል። አንድ አውራ ሙሉ ዙር በሞላበት ዓመት ወዲያው ሊመታ ይችላል። እንዲህ ሲሆን መንጋው ሽማግሌ አልባ ይሆናል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ታላላቆቹ ሲጠፉ ወጣቶቹ በመራቢያ ወቅት ከመጠን በላይ ይደክማሉ፣ ብርዱንም አይችሉትም ይላሉ። በካናዳ አልበርታ፣ ራም ማውንቴን በሚባል ተራራ ላይ ባሉ ቢግሆርን በጎች ላይ በተደረገ ረጅም ክትትል ደግሞ፣ ትልልቅ ቀንድ ያላቸው በአደን ሲለቀሙ በኋላ የሚወለዱት ቀንድ ማነሱ በ2003 ታትሟል። ይህ ነገር ለአላስካ ምን ያህል ይሠራል በሚለው ላይ ባለሙያዎች አሁንም አይስማሙም። የአላስካ ደንብ አውራው በእርጅናው እንጂ በለጋነቱ እንዳይመታ ስለሚያደርግ ልዩነት አለው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በጎቹን የጣላቸው ብርዱ ነው፣ አደኑን መዝጋትም ብርዱን አይመልሰውም። ግን መንጋው በደከመበት ዓመት ከተራራ ላይ የቀረውን የመጨረሻ ሽማግሌ አውራ ማንሳት፣ ሕጋዊ ቢሆንም፣ ከድሮው የከበደ ነገር ነው። አዳኙ ይህን ተሸክሞ ነው መወሰን ያለበት።

የሚከፋፈለው ሲያንስ

በግ ሲያንስ ሰው ይጋጫል። የአላስካ ሕገ መንግሥት የዱር እንስሳው የሕዝብ የጋራ ነው ይላል። ይህ ቃል ትልቅ መዘዝ አለው። ድሮ ለአደን መሪዎች፣ ማለትም በክፍያ አዳኞችን ይዘው ተራራ ለሚወጡ ሰዎች፣ ለእያንዳንዳቸው የብቻ ክልል ይሰጥ ነበር። በ1988 የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦውሲቼክ በሚባለው ክስ ይህን አሠራር ከጋራነቱ መርህ ጋር ይጋጫል ብሎ አፈረሰው። ከዚያ በኋላ በግዛቲቱ መሬት ላይ ብዙ መሪዎች በአንድ ሸለቆ መደራረብ ጀመሩ። የራሱ ክልል የነበረው መሪ ለከርሞ ብሎ የሚተወው አውራ ነበር። አሁን ቢተወው ጎረቤቱ ይወስደዋል። በአንጻሩ በፌዴራል መሬት ላይ፣ ለምሳሌ በዱር እንስሳት መጠለያዎች፣ የመሪዎች ቁጥር በፈቃድ የተወሰነ ነው።

ከአላስካ ውጭ የሚመጣ አሜሪካዊ ዳል በግን ለማደን ፈቃድ ያለው መሪ መቅጠር ግዴታው ነው። ከዚህ ነፃ የሚሆነው የአላስካ ነዋሪ የሆነ የቅርብ ዘመድ አብሮት ከሄደ ብቻ ነው። የመሪ አደን ከ20,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። ስለዚህ መሪዎቹ ኑሯቸው በዚህ በግ ላይ ነው። ነዋሪዎቹ ደግሞ «የእኛ በግ ነው፣ ሲያንስ ቅድሚያ ለእኛ» ይላሉ። በ2023 የአላስካ የአደን ቦርድ 19ሲ በሚባለው ክልል፣ በአላስካ ተራሮች ምዕራባዊ ጫፍ፣ ለውጭ ሰዎች የበግ አደንን ለአምስት ዓመት ዘጋ። በ2022 ደግሞ በፌዴራል መሬት ላይ ያለውን አደን የሚመራው የፌዴራሉ ቦርድ በብሩክስ ተራሮች በዳልተን አውራ ጎዳና አካባቢ ባለ የፌዴራል መሬት ላይ ለሁለት ዓመት ዘግቶ ነበር። የግዛቲቱ መሥሪያ ቤት ይህን መዝጋት ተቃውሟል፣ ምክንያቱም ከላይ የተናገርኩት ነው።

በዚህ ሙግት ውስጥ ድምፁ ብዙም የማይሰማ አለ። በብሩክስ ተራሮች ውስጥ ባለችው የአናክቱቩክ ፓስ መንደር የሚኖሩት የአገሬው ተወላጆች፣ ኑናሚዩት የሚባሉት፣ ዋና ምግባቸው ካሪቡ የሚባለው የሰሜን አጋዘን ነው። ካሪቡ መንገዱን ቀይሮ ሳይመጣ ሲቀር ግን ወደ በግ ይዞራሉ። ለእነሱ በጉ የችግር ቀን ስንቅ ነው። ስለ በግ ማነስ ሲወራ ከግድግዳ ላይ ቀንድ በፊት እነሱ መታሰብ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ክልል ሲዘጋ አዳኙ ቤቱ አይቀመጥም። ወደሚቀጥለው ተራራ ይሄዳል። ስለዚህ ክፍት በቀሩት ቦታዎች ላይ መጨናነቅ ይመጣል። ዘንድሮ ወዴት ልሂድ ብሎ የሚያቅድ ሰው ይህንን ማስላት አለበት። ጎረቤት ክልል ተዘግቶ ከሆነ «ሰው አይደርስበትም» የሚለው ሸለቆ ዘንድሮ ሰው ይደርስበታል።

የገንዘቡም ነገር አለ። ከ1937 ጀምሮ በአሜሪካ የጠመንጃና የጥይት ቀረጥ ለግዛቶች የዱር እንስሳት ሥራ ይሰጣል። ግዛቲቱ አንድ ዶላር ስታወጣ ከፌዴራል ሦስት ዶላር ታገኛለች። የአላስካ አንዷ ዶላር የምትመጣው በዋናነት ከአደን ፈቃድ ሽያጭ ነው። የውጭ አሜሪካዊ ለአንድ ዳል በግ መለያ ብቻ 850 ዶላር ይከፍላል። የውጭ አዳኝ ሲቀንስ ይህ ገንዘብ ይቀንሳል። ገንዘቡ የሚቀንሰው ደግሞ በጎቹን መቁጠርና ማጥናት ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

እና አዳኙ ምን ይጠብቅ?

በግልጽ ልናገር። ብርዱ ክፉኛ በመታቸው ተራሮች ላይ ሕጋዊ አውራ የሚበዛበት ጊዜ ገና ነው። የ2020፣ የ2021 እና የ2022 ግልገሎች ስምንት ዓመት የሚሞላቸው በ2028፣ በ2029 እና በ2030 ነው። እነዚያ ዓመታት ግልገል ያነሰባቸው ከሆኑ፣ አውራም የሚያንስባቸው ይሆናሉ። ከዚያም ወዲያ መንጋው ራሱን እስኪተካ ጊዜ ይፈልጋል። ዘንድሮ የተወለደች ሴት ግልገል እናት እስክትሆን ሦስት ወይም አራት ዓመት። ልጇ አውራ እስኪሆን ስምንት። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ ማለት ነው። ያውም መሃል ላይ ሌላ ክፉ ብርድ ካልገባ። ይህን ቀድሞ ማወቅ ተስፋ ለመቁረጥ አይደለም። ሲመለሱ ባዶ እጅ መሆን እንደ ሽንፈት እንዳይቆጠር ነው።

አደኑን ላለመተው የወሰነ ሰው ከሁሉ በፊት ቀንድ ማንበብ ይማር። ሕጋዊ አውራ ሲያንስ ሰው ይጓጓል። ሲጓጓ «ሞልቷል» ብሎ ራሱን ያሳምናል። ሳይሞላ የተመታ አውራ የሚቀጥለው ዓመት ሕጋዊ አውራ ነበር፣ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ቀንዶቹ ከተገደለ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ቀርበው ይመረመራሉ፣ ሕጋዊ ካልሆነ ይወረሳሉ፣ ሰውየውም ይከሰሳል። ቀንዱ የሚፈረደው በጉ ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ በትክክል ወደ ጎን ሲያዞር ብቻ ነው። ከታች ወደ ላይ ሲታይ ቀንዱ ያልሆነውን ይመስላል። ቀለበት መቁጠርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቀለበት ከጫፉ ጋር ተሰብሮ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ሐሰተኛ ቀለበትም አለ፣ መስመር ይመስላል እንጂ የብርድ ምልክት አይደለም። ጥርጣሬ ካለ አለመተኮስ ነው። ሰዓታት ቢፈጅም በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ በተተከለ ረጅም መነጽር ማየት ይሻላል።

በዕጣ የሚሰጡ ፈቃዶች ላይ መመዝገብም ጥሩ ነው። ቶክ፣ ዴልታና ቹጋች አካባቢ የተወሰኑ ቦታዎች በዕጣ ብቻ ይታደናሉ። ሰው በቁጥር ስለተገደበ መጨናነቁ ይቀንሳል። ዕጣው የመውጣት ዕድሉ ትንሽ ነው። ግን በክፍት ክልል ውስጥ ተሻምቶ ከመሄድ ጋር ሲነጻጸር ይሻላል።

አውሮፕላንን በተመለከተ ደንቡ ግልጽ ነው። ከኦገስት 10 እስከ ሴፕቴምበር 20 በአውሮፕላን እየዞሩ በግ መፈለግ ክልክል ነው። አውሮፕላኑ ሰውና ዕቃ ለማድረስና ለመመለስ ብቻ ነው። ይህ ደንብ በ2015 ሲወጣ ብዙ ተቃውሞ ነበረው። በዚህ ዘመን ግን ለጥቂቶቹ አውራዎች የቀረ አንድ መሸሸጊያ ነው፣ ቢላላ አልወድም።

እስከዚያው ግን አዳኙ ከግዳይ ሌላ የሚከታተለው አንድ ቁጥር አለ። በየዓመቱ በሙቀቱ ወራት ባዮሎጂስቶች በትንሽ አውሮፕላን በተራሮቹ ላይ እየዞሩ በጎቹን ይቆጥራሉ። ስንት እናት አለ? ከ100 እናቶች ጋር ስንት ግልገል አለ? ዘንድሮ ይህ ቁጥር 40 ቢሆንና አምና 10 ቢሆን፣ አዳኙ በዚህ ዓመት ተራራ ላይ ምንም ልዩነት አያይም። አውራዎቹ ያው ጥቂት ናቸው። ልዩነቱ ያለው ከእናቶቹ ሥር በሚሮጡት ላይ ነው። በኦገስት ተራራ የወጣ አዳኝም ይህን በራሱ ዓይን ሊቆጥር ይችላል። አውራ ፍለጋ መነጽሩን ሲያዞር እናቶችን ያያል። አልፏቸው አይሂድ። አጠገባቸው ስንት ግልገል እንዳለ ይቁጠርና ማስታወሻው ላይ ይጻፍ፣ ዓመቱንም ይጨምርበት፣ ከሥሩም ስምንት ደምሮ የሚመጣውን ዓመት ያስፍር።